ከስድሳ ዓመት በኋላ የመጣው ዘመን

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በዓለም ዙሪያ የታወቁት ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ሙዚቃውን የደረሱት ግን ከዚያ እጅግ ቀድመው፣ አብዛኛውንም ማንም ሳይጠይቃቸው ነው። የእኚህን መነኩሲት የመጨረሻ አርባ ዓመታት ለመተረክ ስነሳ ከልጅነታቸው ጀምሬ ጥቂት መንገር ግድ ይለኛል፤ በእርጅናቸው ወራት የተሰማው ሁሉ መነሻው እዚያ ነውና። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለዱት በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሲሆን ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዘመኑ ባሕር ተሻግረው ከተማሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው፤ የጎንደርና የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆነው አገልግለዋል። እናታቸው ወይዘሮ ካሣዬ የለምቱ ይባላሉ። ታላቅ እኅታቸው ስንዱ ገብሩ ደግሞ በ1957 ለኢትዮጵያ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የውብዳር ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ከዚሁ እኅታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ቫዮሊንም ፒያኖም የለመዱት እዚያ ነው።

በ1933 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ የከንቲባ ገብሩ ቤተሰብ ከሌሎች መኳንንትና የተማሩ ሰዎች ጋር ተግዞ አዚናራ ወደምትባለው ደሴት፣ ከዚያም በናፖሊ አቅራቢያ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተወሰደ። ከቤተሰቡ ሦስት ሰዎች በወራሪው ተገድለዋል። ከነጻነት በኋላ ወጣቷ ሙዚቀኛ ካይሮ ሄደው በፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር በአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ገቡ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ አምስቱን ቫዮሊን፣ አራቱን ፒያኖ። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለነሳቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። መምህራቸውም አብረዋቸው መጥተው የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ ኃላፊ ሆኑ።

ቀጥሎ የመጣው የሕይወታቸው ትልቁ ስብራት ነው። ለንደን በሚገኘው የሮያል የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል ተከፍቶላቸው ሳለ ፈቃድ ተከለከሉ። ማን እንደከለከላቸውና ለምን እንደሆነ በአደባባይ አልተናገሩም፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው አለፉት። በጊዜው ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈላቸውም። እህል አልቀምስም ብለው ሆስፒታል እስኪገቡ ድረስ ደከሙ፤ ሞታቸው ተቆርጦ ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ከዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኝተው ሲነቁ ልባቸው ሌላ ነበር። ሙዚቃውን ትተው በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ወሎ ወዳለችው ግሸን ማርያም ሄዱና መነኮሱ፤ ጽጌ ማርያም ተባሉ።

ግሸን የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ ናት፤ መስከረም 21 ቀን ምእመኑ ከየአቅጣጫው ይጎርፍባታል። እማሆይ በዚያ ብርድና ድንጋይ ላይ አሥር ዓመት ያህል ጫማ ሳያደርጉ ኖሩ። ፒያኖ የለም፣ ቫዮሊን የለም። በመጨረሻ የውስጥ እግራቸው ታሞ መራመድ ሲያቅታቸው ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ነው እጃቸውን መልሰው ፒያኖ ላይ ያሳረፉት።

በ1960ዎቹ ጎንደር ገብተው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። እዚያም ከሩቅ ሀገር በእግራቸው መጥተው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ለምነው የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። ልጆቹ ማደሪያ አጥተው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይተኙ ነበር። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙዚቃ ነው። በ1967 በአፄ ኃይለ ሥላሴ እርዳታ ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀረጹ፤ ገቢውንም ለእነዚያ ልጆች አዋሉት። ቀጥለው ያሳተሟቸው ጥቂት ሸክላዎችም ለችግረኞችና ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ የታሰቡ ነበሩ። የሸክላዎቹ ቅጂ ጥቂት ነው፤ ሰሚውም እንደዚያው።

ከመጀመሪያው ሸክላ ላይ «ዘ ሆምለስ ወንደረር» የተባለውን ሥራ ነጥዬ ላንሳው። በአማርኛ «ቤት አልባው መንገደኛ» ብንለው ያስኬዳል። ግራ እጃቸው የአውሮፓ ሳሎን የሚያስታውስ ዝግ ያለ አጀብ ይመታል። ቀኝ እጃቸው ደግሞ ከአምስት ድምፅ ሳይወጣ፣ በእኛ ቅኝት፣ አንዲት ሐረግ ያነሳና ዳር ላይ እየነዘረ፣ እየከነፈ፣ ድንገት እየቆመ ይሄዳል። አመታቱ ቀጥ ብሎ አይቆጠርም፤ ከበሮ መቺ አብሬ ልሂድ ቢል ሁለት መስመር ሳይዘልቅ ይስተዋል። እማሆይ ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ የሚያውቀው ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ነው። መሪጌታው ዜማውን ሲያንቆረቁር አንዱን ፊደል ይዞ እንደሚቆይ ሁሉ እሳቸውም አንዷን ድምፅ ይዘው ይዞሯታል። የሾፓንን ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ሾፓንን ይሰማል፤ ያሬድን የሚያውቅም ያሬድን። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ግን ይህ የማንም ቅጂ እንዳልሆነ ይረዳል። ብዙ ጊዜ ከጃዝ ጋር ይደባልቁታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የእሳቸው ነጻነት የመጣው ከዜማ ቤት ነው።

በ1974 ደርግ ሥልጣን ያዘ። የከንቲባ ገብሩ ቤት ልጅም፣ መነኩሲትም መሆን በዚያ ዘመን የሚያመች አልነበረም። እማሆይ ከእናታቸው ጋር አዲስ አበባ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር ለብዙ ዓመታት ተሰውሮ የኖረ ነው። ከ1977 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ቤታቸው ውስጥ፣ ካሴት ላይ፣ ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ ዘፈኑ። እስከዚያ ድረስ ሰው የሚያውቃቸው በጣቶቻቸው ብቻ ነው። ዘፈኖቹ ስለ አገር፣ ስለ ደመናና ፀሐይ፣ ስለ ተሰደደ ሰውና ስለ ቀረ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ቀጭንና የማይኩራራ ነው፤ ከኋላው የወፎች ድምፅ ይሰማል። ስቱዲዮ የለም፣ ባለሙያ የለም። ሸክላ ሊያሳትምላቸው የሚችል ሰውም በዚያ ሰዓት አልነበረም። ቀረጹና አስቀመጡት።

እናታቸው በ1984 ዐረፉ። የእማሆይ የመጨረሻው ምዕራፍ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስድሳ ዓመታቸው ነበር። አዲስ አበባ የሚያቆያቸው ነገር ስላልነበረ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው ደብረ ገነት ገዳም ገቡ። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ተጀምራ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀች ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የቆመችበት መንገድም የኢትዮጵያ መንገድ ይባላል። በግቢው ካሉት ትንንሽ ክፍሎች አንዷ የእማሆይ ሆነች። ክፍሏ አልጋ፣ ፒያኖ፣ ራሳቸው የሣሏቸው ቅዱሳት ሥዕሎችና የተከመሩ የሙዚቃ ወረቀቶች ይዛ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በማኅሌት የምታውቀው ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ነው፤ መነኩሲት በዓቷ ውስጥ ፒያኖ ስትመታ ለገዳሙ ሰው እንግዳ ነገር እንደነበር መገመት አያዳግትም። እማሆይ ግን ጸሎታቸውን ሲያደርሱ ኖሩ፣ ፒያኖውንም ሲመቱ ኖሩ። የሚጽፉት በእርሳስ ነበር።

ከ1984 ዓለም እስከሰማቸው እስከ 2006 ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ለአንድ አቀናባሪ ይህ ሙሉ የሥራ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው አቀናባሪ ራልፍ ቮን ዊልያምስ በእርጅናቸው ምን እንዳገኙ ለንጽጽር ላምጣ። እኚህ ሰው ሰማንያ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ሦስት አዳዲስ ሲምፎኒዎቻቸው ለሕዝብ ቀርበዋል፤ ሰባተኛው በ1953፣ ስምንተኛው በ1956፣ ዘጠነኛው በሚያዝያ 1958። ዘጠነኛው በቀረበ በአምስተኛው ወር፣ ነሐሴ 1958፣ በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። ብዕራቸው ሳይነጥፍ የዘለቀው በችሎታቸው ብቻ አይደለም። የማንችስተሩ ሃሌ ኦርኬስትራ፣ መሪው ጆን ባርቢሮሊ፣ አሳታሚው፣ ሬዲዮው ሁሉ የሚቀጥለውን ሥራ ይጠብቁ ነበር። ሰውየው አዲስ ገጽ ሲጨርሱ የሚመታው ሰው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እማሆይ አንድ ገጽ ሲጨርሱ ግን ገጹ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም የአገራቸውን ጥንታዊ ዜማ ይዘው የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ቮን ዊልያምስ በየገጠሩ እየዞሩ የእንግሊዝ ባላገር ዘፈን ለቅመዋል፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር መጽሐፍ አርመዋል። የለያያቸው ዙሪያቸው የነበረው ሰው ነው።

በአገራችን የእርጅናውን ዘመን ጭራሽ ያላዩት አሉ። አሸናፊ ከበደ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን የመሠረቱ፣ ለዋሽንትና ለኦርኬስትራ የደረሱት ሥራ ሃንጋሪ ውስጥ የተቀረጸላቸው አቀናባሪና ምሁር ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ሲያስተምሩ ኖረው በ1998 በስድሳ ዓመታቸው አለፉ። እማሆይ ገዳም የገቡበት ዕድሜ መሆኑ ነው። ስድሳ ዓመት ላይ ቢቀሩ ኖሮ እሳቸውም ዛሬ በጥቂት ሸክላ ሰብሳቢዎች ዘንድ ብቻ የሚታወቁ ስም ነበሩ።

የሆነው ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ የኢትዮጵያን የድሮ ሙዚቃ በተከታታይ ሲያሳትሙ ነበር። በዚያ ተከታታይ ውስጥ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ጌታቸው መኩሪያ ይገኛሉ፤ ሳክስፎንና ትራምፔት የበዛበት የአዲስ አበባ ሌሊት ነው። ሃያ አንደኛው ቁጥር በ2006 ሲወጣ ግን አንዲት መነኩሲት ለብቻቸው ፒያኖ ሲመቱ ተሰማ። እማሆይ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ያንን ሲዲ የገዛ ሰው ለሌላው አዋሰ፤ ያ ደግሞ ለሌላው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱ ያዘው። እማሆይ ሥራቸውን ለማስተዋወቅ ከገዳማቸው አልወጡም።

የወጡት ልጆችን ለመርዳት ነው። በስማቸው የተቋቋመው የሙዚቃ ፋውንዴሽን ችግረኛ ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ የሚደግፍ ነው። ለዚሁ ዓላማ በ2008 ዋሽንግተን ዲሲ ተገኝተው በሕዝብ ፊት ተጫወቱ፤ ለአሥርተ ዓመታት እንዲህ ያለ መድረክ ላይ አልወጡም ነበር። ከጎንደር የቆሎ ተማሪዎች እስከ ዋሽንግተን አንድ አሳብ ነው የያዙት፤ የሚሸጠው ሙዚቃ ለልጅ ይሁን። በሰማንያ አራት ዓመታቸውም አልለወጡትም።

ሲዲውን ከሰሙት መካከል እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒትስና የኦርኬስትራ መሪው ኢላን ቮልኮቭ ይገኙበታል። ሁለቱ እማሆይን ፈልገው ደብረ ገነት ሄዱ። ዝምድናው አንድ ቀን ተገናኝቶ ፎቶ ተነሥቶ የመለያየት አልነበረም፤ ዱኒትስ ዓመታት እየተመላለሰች አጠገባቸው ተቀመጠች። በኋላ እማሆይ አውጥተው የሰጧት በቦርሳ የታጨቁ በመቶ የሚቆጠሩ ገጾችን ነው። በእርሳስ የተጻፉ፣ ጥቂቶቹ የደበዘዙ፣ የአንዱ ሥራ ገጽ ከሌላው የተቀላቀለ፣ አንዳንዱም ስድሳ ዓመት የኖረ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሚመስል ልብ በሉ። አመታቱ የማይቆጠር ሙዚቃ በአውሮፓ ኖታ ሲጻፍ ኖታው ግማሹን ብቻ ይይዛል። አንዲት ድምፅ ምን ያህል ትቆይ? ንዝረቱ ስንት ጊዜ ይሁን? ይህን የሚያውቁት ደራሲዋ ብቻ ናቸው። እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ ፒያኖው ፊት አብሮ ተቀምጦ፣ እንዲህ ነው ወይስ እንዲያ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዱኒትስ ትልቁ ውለታ ይህን በጊዜው ማድረጓ ነው። በ2013 የእማሆይ የፒያኖ ሥራዎች በመጽሐፍ ታተሙ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሥራዎቻቸው ላይ ብቻ የተመሠረቱ ኮንሰርቶች ቀረቡ። እማሆይ ዘጠና ሊሞላቸው ወራት ቀርቷቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙዚቃው የአንድ ሰው ጣት ጥገኛ መሆኑ ቀረ፤ ኖታውን የገዛ ፒያኒስት ሁሉ ሊመታው ይችላል።

በአገራችን ለፒያኖ ሙዚቃ መድረክ ከሠሩት መካከል ፒያኒስትና አቀናባሪው ግርማ ይፍራሸዋ ይጠቀሳሉ፤ የኢትዮጵያን ቅኝት በፒያኖ ይዘው በዓለም ሲዞሩ ሰሚው ጆሮ እንዲለምድ አድርገዋል። ፒያኖ የእኛ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር እማሆይንና ግርማን አከታትሎ ቢሰማ ይበቃዋል።

በ2017 ስኮትላንዳዊቷ ጋዜጠኛ ኬት ሞልሰን ለቢቢሲ ሬዲዮ 4 ስለ እማሆይ ዝግጅት ሠራች። በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው እንዳይማሩ የተከለከሉት ሴት ድምፅ፣ ሰባ ዓመት ግድም ቆይቶ፣ በለንደን ሬዲዮ ተላለፈ። ሞልሰን በ2022 ባሳተመችው የሃያኛው ክፍለ ዘመን አቀናባሪዎች መጽሐፍም ለእሳቸው ምዕራፍ ሰጥታለች። ፊልም ሠሪዎችም ተከተሉ፤ በ2020 የወጣው «ታይም» የተባለው ዘጋቢ ፊልምና በ2021 የወጣው የሬቤካ ሆል «ፓሲንግ» የእማሆይን ፒያኖ ተጠቅመዋል። ሁለቱም ፊልሞች ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሕይወት ናቸው። ለጎንደር የቆሎ ተማሪ ተብሎ የተቀረጸ ሙዚቃ በ«ታይም» ሉዊዚያና ውስጥ ባሏ ታስሮባት ስለምትጠብቅ ሴት ሊናገር ቻለ፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

እማሆይ በዚህ ሁሉ መሐል በገዳማቸው ኖሩ። የድሮው የጀርመን ሸክላ በአሜሪካው ሚሲሲፒ ሬኮርድስ እንደገና ታተመ። «ኢየሩሳሌም» የተባለ ሌላ አልበምም እየተዘጋጀ ነበር። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው ኢየሩሳሌም ዐረፉ። ኒው ዮርክ ታይምስና ጋርዲያን የሕይወት ታሪካቸውን በሰፊው ጻፉ። «ኢየሩሳሌም» የወጣው ከዕረፍታቸው ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። በየካቲት 2024 ደግሞ ያ በደርግ ዘመን በካሴት የተቀዳው የአማርኛ ዘፈናቸው «ሱቬኒርስ» ተብሎ ታተመ። አርባ ዓመት ያህል የተቀመጠ ድምፅ ነው፤ ወፎቹም አብረው አሉ።

ይህን የምጽፈው ሺሺንዳ ሆኜ ነው፤ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ። እዚህ ፒያኖ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም፤ የእማሆይ ሙዚቃ በእጅ ስልክ ይገኛል። ከዚያ የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ አለኝ። በካፋ ዞን በየቀበሌው ሰርግና ለቅሶ ላይ የሚጠሩ፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ዜማ አዋቂዎች አሉ። የእማሆይ ዕድል ወረቀት ማስቀመጣቸውና አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ማግኘታቸው ነበር። የእኛ አዛውንት ወረቀት የላቸውም፤ ያላቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ብቻ ነው። የሙዚቃና የባህል ክበብ ያላችሁ የሺሺንዳና የቦንጋ መምህራን፣ ስልክ ያላችሁ ወጣቶች፣ አያቶቻችሁን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቅረጹ። ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ዜማው መቼና ለምን እንደሚባል በካፊኛም በአማርኛም ጻፉበት። አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ስጡ፣ አንዱን ትምህርት ቤታችሁ ያስቀምጥ። ደግሞም አንድ ጊዜ ቀርጻችሁ አትቅሩ፤ ተመልሳችሁ ሄዳችሁ እንዲህ ነው ወይስ እንዲያ ብላችሁ ጠይቋቸው።